ሐሙስ ማታ ልጆቻችን የት ናቸው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

 

የማኅበሩ ኮሚቴ "ስለ መጠጥና ስለ ታዳጊዎች አንድ ነገር ተናገሪ" ሲለኝ፣ ሐኪም ወይም ሶሻል ወርከር ቢናገር አይሻልም ወይ ብዬ ነበር። እነሱ ግን "ሐኪም ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቂያለሽ" አሉኝ። እውነት ነው። 22 ዓመቴ ነው፤ ተማሪ ነኝ። ታናናሾቼ በዕብራይስጥ የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ እናቶቻችን በአማርኛ የሚያወሩትንም እሰማለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው የማይሰማሙ ሰዎች መሐል ቆሞ ማስተርጎም፣ እኔና እኩዮቼ ከልጅነታችን የለመድነው ሥራ ነው። ዛሬም የማደርገው እሱኑ ነው።

ከብዙው ነገር አንዱን ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ልጆቻችን ወደ ጠርሙሱ የሚሄዱት መጠጡ ስለጣማቸው አይደለም። መጀመሪያ የሚሄዱበት ቦታ አጡ፤ ቀጥሎ የሚያወሩት ትልቅ ሰው አጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠርሙሱ የሚመጣው። ስለዚህ እኛም ሥራችንን ከጠርሙሱ ሳይሆን ከመጀመሪያው እንጀምር። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ይህን ነው።

ጣቢያው

የኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያን፣ "ታሐና መርካዚት" የምንለውን፣ የማያውቅ እዚህ የለም። ጠዋት ወደ ሥራ የምትሄዱት በእሱ በኩል ነው። እሑድ ጠዋት ወታደር ልጆቻችሁ ትልቅ ቦርሳ ተሸክመው የሚሳፈሩት እዚያ ነው። ከሄፍጺባ፣ ከአዞሪም፣ ከኪርያት ኖርዳው የሚመጡ ልጆች የሚገናኙትም እዚያው ነው። ከዚያ የሄርጽልን መንገድ ይዘው ወደ ባሕሩ ከሄዱ ኪካር ሃዓጽማኡት፣ የነፃነት አደባባይ፣ ይደርሳሉ።

ልጆቹ ለምን ጣቢያውን መረጡት? እስቲ በእነሱ ዓይን እንየው። አንደኛ፣ ማንም አያባርራቸውም። ፖሊስ ወይም ጥበቃ ቢጠይቃቸው "አውቶቡስ እየጠበቅን ነው" ይላሉ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ካፌ ለመቀመጥ ቢያንስ አንድ ቡና መግዛት ያስፈልጋል፤ አግዳሚ ወንበር ግን በነፃ ነው። ሦስተኛ፣ መብራትና መጠለያ አለ። አራተኛ፣ አካባቢው ላይ እስከ ሌሊት የሚከፈቱ ኪዮስኮች አሉ።

ሐሙስ ማታ የሳምንቱ መጨረሻ ይጀምራል፤ ጣቢያው ሰው በሰው ይሆናል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አውቶቡሶች ለሰንበት ይቆማሉ። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ ቦታው ጭር ይላል። አባት ከሥራ ሲመለስ አያልፍበትም፤ ጎረቤት አያልፍበትም። የሚያውቃችሁ ሰው የማያይበት ቦታ ማለት ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ይህ ነፃነት ይመስላል።

ባለፈው ትልቁ የትምህርት ቤት እረፍት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ማታ እዚያ እየሄድን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ልንመክራቸው አይደለም፤ ልንሰማቸው ነው። "ለምን ትጠጣላችሁ?" ብለን ስንጠይቅ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ባትጠጡ ኖሮ አሁን ምን ታደርጉ ነበር?" ስንላቸው ግን ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፦ "የሚጠጡት የኛ ልጆች ብቻ ናቸው ወይ?" አይደሉም። ከሩሲያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ፤ ከፈረንሳይ የመጡ አሉ፤ አያቶቻቸው እዚሁ የተወለዱ አሉ። ማንም "ይህ የኢትዮጵያውያን ችግር ነው" እንዲለን አልፈቅድም። ነገር ግን የጎረቤት ቤትም እየነደደ ነው ብሎ የራሱን ቤት እሳት የማያጠፋ ሰው የለም።

ከልጆቹም ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዱ በዓመት አንድ ቀን በፑሪም ይቀምሳል፣ ያልፍለታል። ሌላው ግን ትምህርት ቤት መሄድ ያቆመ ነው፤ ወይም እናቱ ታማለች፤ ወይም አባቱ ሁለት ፈረቃ ስለሚሠራ ሳምንቱን ሙሉ አያገኘውም። በዕብራይስጥ "ኖዓር በሲኩን"፣ በአደጋ ላይ ያለ ወጣት፣ ይሏቸዋል። እኔ ስሙ ሲባል አንዳንዴ ልጁ ራሱ አደጋ የሆነ ያህል ይሰማኛል። ልጁ አደጋ አይደለም፤ አደጋ አጠገቡ የቆመ ልጅ ነው። አጠገቡ የምንቆመው እኛ ብንሆንስ?

ጠላና ቮድካ

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሉት አለ፦ "እኛም ጠላ ጠጥተን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?" ይህ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ በደንብ ልመልሰው።

ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ከመቶ ነው። ቮድካ ወደ 40 ከመቶ ነው። ግማሽ ሊትር 4 ከመቶ የሆነ ጠላ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ግማሽ ሊትር ቮድካ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር አለ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ለሦስት ልጆች ቢካፈል እንኳ እያንዳንዱ ከሦስት ግማሽ ሊትር ጠላ በላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዋጠ ማለት ነው፤ ያውም እራት ሳይበላ።

ሁለተኛው ልዩነት ከመጠኑ ይበልጣል። እናቶቻችን የሚነግሩን አገር ቤት ጠላ ቦታና ጊዜ ነበረው። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለበዓል ይጠመቃል። ሴቶቹ ሳምንት ሙሉ ጌሾና ብቅል ሲያዘጋጁ ይከርማሉ፤ ስለዚህ ማንም ዕለት ዕለት አያገኘውም። ሲጠጣም ሽማግሌ ተመርቆ፣ ምግብ ቀርቦ፣ አያት፣ አጎትና ጎረቤት ባለበት ነው። ለልጅ የሚሰጠው ቅራሪው ወይም ብርዙ ነው። አንድ ጎረምሳ አብዝቶ ቢናገር "አንተ ልጅ፣ በቃህ" የሚለው ሃምሳ ሰው አለ።

ጣቢያው ላይ "በቃህ" የሚል ማን አለ? ሽማግሌው የለም፤ ምግቡ የለም፤ ምርቃቱ የለም። የቀረው አልኮሉ ብቻ ነው። ስለዚህ "እኛም ጠጥተን አድገናል" ማለት ትክክል አይደለም። እናንተ ያደጋችሁበትን እነሱ አላገኙትም።

ሌላም አለ። ልጆቹ ቮድካውን ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር ይቀላቅሉታል። ጣፋጭ ስለሆነ ጉሮሮ አያቃጥልም፤ ውስጡ ያለው ካፌይን ደግሞ ስካሩን ይደብቃል። ልጁ የነቃ ይመስለዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን አልቀነሰም። ከዚያ ኮርኪኔት ላይ ይወጣል፤ ወይም ሌሊት ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ቡና መጠጣትም ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም አያሰክንም። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው በግምት አንድ መደበኛ መጠጥ ያህል ነው፤ የሚያፋጥነው ነገር የለም።

የ14 ዓመት ልጅ አእምሮ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። የሰው አእምሮ እድገት እስከ 25 ዓመት ገደማ ይቀጥላል፤ መጨረሻ የሚበስለው ክፍል "ቆይ፣ አስብ" የሚለው ክፍል ነው። አልኮል በመጀመሪያ የሚያዳክመው ያንኑ ክፍል ነው። በአሜሪካ የተደረገና በ1990ዎቹ መጨረሻ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት ሰዎች ውስጥ 40 ከመቶ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ወቅት የአልኮል ጥገኛ ሆነዋል፤ 20 ዓመት ሞልቷቸው ከጀመሩት ውስጥ ግን 10 ከመቶ ያህሉ ናቸው። እንግዲህ አንድን ልጅ ለሁለት፣ ለሦስት ዓመት እንኳ ማዘግየት ከቻልን ትልቅ ነገር አደረግን ማለት ነው። "ጨርሶ አይቀምስም" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ እያንዳንዱ የዘገየ ዓመት ትርፍ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህን በአማርኛ ማንም አላብራራልንም ያላችሁ እናቶች ስላላችሁ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። በእስራኤል ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልኮል መሸጥና ማቅረብ ወንጀል ነው። ሻጩ መታወቂያ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ስካርን የሚዋጋ ሕግ ደግሞ ሱቆችና ኪዮስኮች ከምሽቱ 23፡00 እስከ ጠዋቱ 6፡00 ድረስ አልኮል እንዳይሸጡ ከልክሏል። ፖሊስም በሕዝብ ቦታ አልኮል የያዘ ታዳጊ ሲያገኝ ጠርሙሱን ወስዶ ማፍሰስ ይችላል።

ኢትዮጵያም ዝም አላለችም። በ2019 የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል።

ሕጉ ካለ ታዲያ ልጆቹ ከየት ያገኙታል? እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ላለን ለኛ፣ 18 ዓመት ለሞላን፣ አንድ ነገር ልናገር ነው። ልጁ ኪዮስኩ በር ላይ ቆሞ "ወንድሜ፣ እባክህ አንድ ጠርሙስ ግዛልኝ" ይላል። አንዱ የሠፈር ልጅ ነው፣ ያሳዝነኛል፣ ይገዛለታል። እንዲህ ያለው ደግነት ደግነት አይደለም። ታናሽ ወንድምህ ቢሆን ትገዛለት ነበር? እሱም የአንዱ ታናሽ ወንድም ነው።

ቤት ውስጥ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው።

ብዙዎቻችን ያደግነው ለወላጆቻችን ደብዳቤ እያነበብን ነው። የባንኩን፣ የኩፓት ሖሊሙን፣ የማዘጋጃ ቤቱን። የትምህርት ቤቱንም ደብዳቤ ያስተረጎምነው እኛው ነን። አስቡት፦ ልጁ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት እንዳልመጣ የሚናገረውን ደብዳቤ የሚያነበው ራሱ ልጁ ነው። "ምን ይላል?" ስትሉት "ስለ ሽርሽር ነው" ይላል። ቤቱ ውስጥ ቋንቋውን የያዘው ልጁ ከሆነ ሥልጣኑንም ልጁ ይዞታል። አባት ይህን ያውቃል። አገር ቤት ሰው ያስታርቅ የነበረ፣ ቃሉ የሚከበር ሰው ነው፤ እዚህ ፎርም ለመሙላት የ12 ዓመት ልጅ ይጠብቃል። ያማል። ሲያመው አንዱ አባት ይጮኻል፤ ሌላው ዝም ይላል።

ልጁም ያመዋል፤ ይህንን ነው ላስተረጉምላችሁ የምፈልገው። ልጁ አባቱን ስለናቀ አይደለም የማያወራው። አንዳንዱ አማርኛው ስለማይበቃው ነው። "ደብሮኛል"፣ "ፈርቻለሁ"፣ "ክፍል ውስጥ ብቸኛ ነኝ" ማለት ይፈልጋል፤ በዕብራይስጥ ያውቀዋል፤ በአማርኛ ግን የሚያውቀው "ደህና ነኝ"ን፣ "በልቻለሁ"ን፣ "እሺ"ን ነው። እናት "በላህ?" ትለዋለች። ይህ በኛ ቤት የፍቅር ቃል ነው፤ ልጁም ያውቀዋል። ግን ከ"በላህ?" ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል። "ከማን ጋር ዋልክ?" "ዛሬ ምን አሳቀህ?" "ማን አስከፋህ?" በአማርኛ ጠይቁት፣ በዕብራይስጥ ይመልስ። ግማሹ ካልገባችሁ ግድ የለም። ልጁ የሚፈልገው ሁሉንም እንድትረዱለት ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ እንድትሰሙት ነው።

ከዚህ በላይ የሚጎዳን ደግሞ ይሉኝታ ነው። ልጅ ሰክሮ ቢመጣ መጀመሪያ የሚመጣብን ሐሳብ "ሰው ምን ይላል?" የሚል ነው። በር ይዘጋል። ለእህት አይነገርም፣ ለጎረቤት አይነገርም፣ ለቄስ አይነገርም፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ጭራሽ አይነገርም። ሁሉም ቤት ለብቻው ይጨነቃል። ከአንድ ደረጃ ላይ ያሉ ሦስት ቤተሰቦች ያው አንድ ችግር ይዟቸው፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ "ሰላም ነው? ሰላም ነው" ተባብለው ያልፋሉ። ይሉኝታ ሰውን ከማሳፈር የሚጠብቅ ጥሩ ባህል ነው፤ የታመመን ልጅ ለመደበቅ ሲውል ግን ልጁን ይገድለዋል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ትሉን የለ? ይህንንም እንካፈለው።

ስለ ፖሊስም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙ ልጆች ጓደኛቸው ወድቆ እያዩ አምቡላንስ የማይጠሩት "ፖሊስ አብሮ ይመጣል፣ ፋይል ይከፈትብናል" ብለው ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በማኅበረሰባችን ላይ ስላለው ዘረኝነትና ከልክ ያለፈ የፖሊስ ክትትል ጽፏል። በ2019 ወጣቱ ሰለሞን ተካ በኪርያት ሐይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ በመላው አገሪቱ መንገድ የወጣነው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ሁሉ ይዘን ግን ለታናናሾቻችን አንድ ነገር በግልጽ መንገር አለብን፦ ከፋይል በላይ ሕይወት ይበልጣል። ጓደኛህ ወድቆ ከሆነ ትደውላለህ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እኛ ታላላቆችህ አብረንህ እንቆማለን።

የአይስላንድ ልጆች

"ይህ የዘመኑ ነገር ነው፣ አይቻልም" ለምትሉ አንድ ምሳሌ ላምጣ። አይስላንድ በሰሜን ያለች ትንሽ፣ ቀዝቃዛ ደሴት ናት። በ1998 እዚያ ካሉ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ውስጥ 42 ከመቶ "ባለፈው ወር ሰክሬ ነበር" ብለው ነበር። ዓርብ ማታ የዋና ከተማዋ መሐል በሰከሩ ልጆች ይሞላ ነበር። በ2016 ይህ ቁጥር 5 ከመቶ ደረሰ።

ምን አደረጉ? ልጆቹን በማስፈራራት ብቻ አልሄዱበትም። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ይጠይቃሉ፤ ውጤቱን ለወላጆች ይናገራሉ። ወላጆች እርስ በርስ ውል ተፈራረሙ፦ ልጆችን ያለ ትልቅ ሰው ድግስ አንፈቅድም፣ ለታዳጊ መጠጥ አንገዛም፣ የሌላውንም ልጅ እንደራሳችን እናያለን። ማታ ማታ በፈረቃ መንገድ ላይ ይዘዋወራሉ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 22፡00 በኋላ፣ በበጋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ትልቅ ሰው ውጭ እንዳይቆዩ ሕግ አለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን መንግሥትና ከተማዎቹ ለስፖርት፣ ለሙዚቃ፣ ለዳንስ ገንዘብ አወጡ፤ የደሃ ልጅም እንዲገባበት ለቤተሰቡ ድጋፍ ሰጡ። "አትሂድ" ብቻ አላሉም፤ "ወደዚህ ና" የሚሉበት ቦታ ሠሩ።

እስቲ አስቡት፤ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማየትን አይስላንዶች በወረቀት ተፈራርመው ጀመሩት። እኛ አገር ቤት ያለ ወረቀት እናደርገው ነበር። ከሩቅ የምንማረው አዲስ ነገር ሳይሆን የራሳችንን ነው።

ምን እናድርግ?

ለወላጆች አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ የሌሊት ስልክ ውል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ለልጃችሁ እንዲህ በሉት፦ "በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ሁኔታ ደውልልኝ፤ እመጣለሁ። ሌሊት አልጮህም። ነገ ቡና ላይ እንነጋገራለን።" እናም ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ ሌሊት ከጮኻችሁ ሁለተኛ አይደውልም።

ሁለተኛ፣ የልጃችሁን ሦስት ጓደኞች ስምና የእናቶቻቸውን ስልክ ያዙ። ልጁ "እነ እገሌ ቤት ነኝ" ሲል፣ እነ እገሌም "እናንተ ቤት ነን" ብለው እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ ልጁን መጠጥ ገዝቶ እንዲያመጣ አትላኩት፤ ለእንግዳ እንዲቀዳም አታድርጉት። ልጅ የሚማረው ከምንናገረው ይልቅ ከምናደርገው ነው።

አራተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ በልጁ አታስነብቡት። እዚህ ማኅበራችን አለ፤ እኛ እናነብላችኋለን። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ስትገናኙም አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አስተርጓሚው ግን ልጁ ራሱ አይሁን። ልጁ ትምህርት ከተወ በከተማው አስተዳደር ሥር "ኪዱም ኖዓር" የሚባል ክፍል አለ፤ ከትምህርት ቤት ለወጡ ልጆች ነው። ወደዚያ መሄድ ውርደት አይደለም።

ለእናንተ ለታናናሾቼ ደግሞ፦ መጠጣት የማትፈልጉ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከምታስቡት በላይ ብዙ ልጅ ጠርሙሱን የሚይዘው ሌላው ስለያዘ ነው። አንዱ "እኔ አልፈልግም" ሲል ሁለተኛው ትንፋሽ ያገኛል። ሴቶች ልጆች፣ አብራችሁ የወጣችሁ አብራችሁ ተመለሱ፤ አንዷን ጥላችሁ አትሂዱ። ክፉ ነገር ደርሶባት ከሆነም ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ጠጥታ ነበር ተብሎ ጥፋቱ ወደ እሷ አይዞርም። በ1202 የሚሰሟት ሴቶች አሉ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ይህ አዳራሽ ሐሙስ ማታና ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት እንዲሆን ነው። ትምህርት አይደለም፤ ስብከት አይደለም። ሙዚቃ፣ ቡና፣ ፒንግ ፖንግ፣ ስልክ መሙያ፣ ትኩስ እንጀራ። ከጣቢያው ወንበር የሚበልጥ ወንበር እንስጣቸው።

ሁለተኛው አማርኛ የሚናገር የወላጆች ጥበቃ፣ በዕብራይስጥ "ሳያሬት ሆሪም" የሚሉት፣ እንዲኖረን ነው። በብዙ ከተማ ወላጆች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ ውኃና ብስኩት ይዘው ማታ ይዘዋወራሉ። ዔሌም የሚባለው ድርጅትም በብዙ ከተሞች ሌሊት መኪና አቁሞ ለወጣቶች ሻይ ያፈላል፣ ያወራቸዋል። አይይዙም፣ አይከሱም፤ ይታያሉ፣ ያ በቂ ነው። አንዲት እናት ጣቢያው ላይ ቆማ "ልጄ፣ ብርድ አይደለም ወይ? እናትህ ማን ናት?" ብትለው ከአሥር ፖሊስ የበለጠ ትሠራለች። ከእናቶች አንዷ "ዕብራይስጥ አልችልም፣ ምን አደርጋለሁ?" አለችኝ። እዚያ የሚያስፈልገው ዕብራይስጥ አይደለም፤ እናት ናት።

አደጋ ሲደርስ

ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣችሁ ላይ ለጥፉት። አንድ ልጅ ብዙ ጠጥቶ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ካስታወከና ራሱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘና ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የአልኮል መመረዝ ነው። "ይተኛ፣ ይለፍለታል" አይባልም፤ ሰው ተኝቶም ይሞታል።

በመጀመሪያ 101 ደውሉ፤ ማጌን ዳቪድ አዶም ነው። የት እንዳላችሁ ንገሯቸው፦ "ማዕከላዊ ጣቢያ፣ ኔታንያ።" ቀጥሎ በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ በትውከቱ ይታፈናል። ልብስ አልብሱት። ቡና፣ ውኃ፣ ምግብ በአፉ አትክተቱ፤ ለማስታወክ ጣት አታስገቡ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ብቻውን አትተዉት፤ ምን እንደጠጣና ምን ያህል እንደጠጣ ለባለሙያው በእውነት ንገሩ። ልጁ በሕይወቱ ተስፋ የቆረጠ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ 1201 የኤራን የስልክ መስመር አለ፤ ቀንም ሌሊትም ይሰማሉ።

ውድ ወላጆች፣ እናንተ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥታችሁ፣ በሱዳን በረሃ ሕፃን አዝላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በአዲስ አበባ ዓመታት ጠብቃችሁ እዚህ የደረሳችሁ ሰዎች ናችሁ። በዚያ መንገድ ላይ "የኔ ልጅ፣ ያንተ ልጅ" አልተባባላችሁም፤ የደከመውን ልጅ የበረታው ያዝለው ነበር። ከዚህ አዳራሽ እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ከዚያ ይቀላል።

መውጫው በር ላይ ወረቀት አለ። ለሐሙስ ማታ ለሁለት ሰዓት መቆም የሚችል ስሙንና ስልኩን ይጻፍ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ለኔ ንገሩኝ፣ እጽፍላችኋለሁ። የመጀመሪያው ሐሙስ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ከምሽቱ 21፡00 ላይ ከዚሁ በር እንነሣለን። ቡናውን እኛ ወጣቶቹ እናፈላለን።